ከርሉ፦ ጭቃን ዳስሶ የሚመገብ ወፍ

ከርሉ በረጅምና ወደ ታች በተቆለመመ ምንቃሩ የሚታወቅ የውሃ ዳር ወፍ ነው። በአውሮፓና በእስያ የሚራባው የዩራሲያ ከርሉ የሰውነት ርዝመቱ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ምንቃሩ ብቻውን 15 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የሴቷ ከወንዱ ይረዝማል። ቡናማ ላባው ጥቁር ጭረት ስላለበት በደረቀ ሣር መካከል ሲቆም በቀላሉ አይለይም።

የምንቃሩ ጫፍ በነርቭ የተሞላ ነው። ወፉ በዓይኑ የማያየውን ትል ጭቃ ውስጥ ዳስሶ ያገኘዋል፤ ከዚያም አፉን ሙሉ በሙሉ ሳይከፍት የምንቃሩን ጫፍ ብቻ አላቅቆ እንደ ወረንጦ ቆንጥጦ ያወጣዋል። ረጅሙ ምንቃር በጥልቀት ያለውን ሲያወጣ አጭር ምንቃር ያላቸው ወፎች ከላይ ያለውን ይለቅማሉ። በአንድ ዳርቻ ብዙ ዓይነት ወፎች ሳይሻሙ የሚመገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

በሰሜኑ ዓለም መሬቱ በበረዶ ሲጠነክር ይህ ምንቃር ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ከርሉ በክረምታችን ማብቂያ ግድም ወደ ደቡብ ይጓዛል። አብዛኛው በባሕር ዳርቻዎች ይቀራል፤ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆልማማ ምንቃር ያለው ወፍ የተመለከተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያየው አይቢስን ነው። አንዱ የአይቢስ ዝርያ ነጭ ሆኖ ራሱና አንገቱ ጥቁር ስለሆነ፣ ከዥንጉርጉሩ ከርሉ ጋር አይምታታም።

የሐዋሳ ሐይቅ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት የጥቁር ውሃ ወንዝ የሚመጣው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። የጨለለቃ ክፍት ውሃ ባለፉት አሥርት ዓመታት ጠፍቶ ቦታው ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። በሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ከሰው ጋር ኑሮን ለምደዋል። ጭቃ ዳሳሾቹ ግን እርጥብና ጸጥ ያለ ዳርቻ ካላገኙ አይቆዩም።

የእነዚህ ወፎች መጥፋት የሩቅ ስጋት አይደለም። የከርሉ ዘመድ የሆነው ቀጭን ምንቃሩ ከርሉ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በሞሮኮ ነው፤ ዛሬ ከምድር ጠፍቷል። የዩራሲያ ከርሉም ቁጥሩ እየቀነሰ ነው። የሐዋሳን ዳርቻ ከቆሻሻና ከግንባታ፣ ጨለለቃንም ከልቅ ግጦሽ መጠበቅ ለእነዚህ ተጓዦች የሚበጅ ሥራ ነው።