ለጤና የሚከፈት የቀን መዝገብ

ነጋዴ ጠዋት ሱቁን የሚከፍተው ልቡ ስለ ፈቀደ አይደለም፤ የመክፈቻው ሰዓት ስለ ደረሰ ነው። ብርድም ቢሆን ድካም ቢኖርበት ደንበኛ እንደሚጠብቀው ያውቃልና ይነሣል። ይኸው ሰው ስለ ገዛ አካሉ ጤና ሲሆን ግን «ደስ ያለኝ ቀን እጀምራለሁ» እያለ ዓመታትን ያሳልፋል።

ተቀምጦ መዋል የሚያስከትለው ጕዳት ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጄሬሚ ሞሪስ የተባሉ ብሪታንያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በሎንዶን አውቶቡስ ሠራተኞች ላይ ያደረጉትን ምርምር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. አሳተሙ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ፥ የባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቈራጮች በልብ ሕመም የሚያዙት በቍጥር ያነሱ ሆነው ተገኙ። ከባንኮኒ ኋላ የሚውል ባለሱቅና ከጠረጴዛው የማይነሣ አስመጪ ከሁለቱ ወገኖች ወደ የትኛው እንደሚመደቡ ለመረዳት አያዳግትም።

በመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ነጋዴ የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን ሐኪም ነግሯቸው፥ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ በየጊዜው እንዲራመዱ መከራቸው። አባታቸው በዚያው ሱቅ፥ በዚያው ወንበር ላይ ሳሉ በድንገት ያረፉ ስለ ሆነ ነገሩን አቅልለው አላዩትም። በመጀመሪያ ውድ ጫማ ገዝተው መሮጥ ጀመሩ፤ በሳምንቱ ጕልበታቸውን ስላመማቸው ተዉት። ቀጥሎም ለአንድ የስፖርት ቤት የዓመት ክፍያ አስቀድመው ከፈሉ፤ ከወር በላይ ግን አልዘለቁም። የሁለቱም ሙከራ ጕድለት አንድ ነው፤ ይኸውም ገበያውን ሳያጠና መጋዘኑን በዕቃ እንደሚሞላ ጀማሪ፥ በአንድ ቀን ሞቅታ ተመክቶ ከዐቅም በላይ መነሣት ነው።

በሦስተኛው ጊዜ ግን አነሣሣቸው በልክ ሆነ። ከቤታቸው እስከ ሱቃቸው በእግር ግማሽ ሰዓት ስለሚያስኬድ፥ በሰፈራቸው ከሚኖሩ አንድ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ጋር በሳምንት 5 ቀን ጠዋት በ1 ሰዓት አብረው ለመሄድ ተቃጠሩ፤ የዘገየው የሁለቱን ቡና እንዲከፍል ተስማሙ። የተራመዱትንም ደቂቃ በየቀኑ ከሽያጩ ሒሳብ ግርጌ ይጽፋሉ። ድምሩ በሳምንት 150 ደቂቃ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል፤ ይህን ያህል ለማይችለውም ጥቂቱ ከምንም እንደሚሻል አመልክቷል።

ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ብዙ ጠዋት አስቀራቸው፤ በመዝገቡም ላይ ባዶ መስመሮች ታዩ። የቀድሞው ልማዳቸው ቢሆን ነገሩ በዚያው ባበቃ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ገበያ የቀዘቀዘበት ነጋዴ በማግሥቱ ሱቁን እንደማይዘጋ አሰቡና፥ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ጓደኛቸውም ከማዕዘኑ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

እኚሁ ነጋዴ ዛሬም መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፤ ሐኪማቸውንም በየጊዜው ያያሉ። ነገር ግን በፊት ይናፍቁት የነበረው ፈቃድ ራሱ ከልማዱ በኋላ መጣላቸው፤ ያልተራመዱበት ቀን ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ትጋትን የሚሻ ሁሉ ፈቃዱን ተቀምጦ አይጠብቅ፤ ሰዓት ይወስን፥ ጓደኛ ይቃጠር፥ መዝገቡን ይክፈት። ሱቁን ወራሽ ይረከበው ይሆናል፤ ጤናን ግን ባለቤቱ ካልጠበቀው የሚጠብቅለት የለም።