የእናቴ ጽጌረዳ ከጉለሌ ወደ ሰሚት

እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቷ ይሸጥ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ አይሸጥ አልኩ። በመጨረሻ ተሸጠ፤ እኔና እሱም ተኳረፍን። ገዢው እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ጊዜ ሰጠን። አልጋና ቁምሳጥኑን፣ ድስትና ሰፌዱን ተካፈልን። ማንም ያላነሳቸው በጉለሌው ግቢ በር አጠገብ መሬት ላይ የተንሰራፉት ሁለት ጽጌረዳዎች ብቻ ነበሩ።

እነዚህ ጽጌረዳዎች ወደ ላይ የሚመዘዙት ዓይነት አይደሉም። ቁመታቸው ከጉልበት አያልፍም፤ ቅርንጫፎቻቸው ግን እንደ ምንጣፍ ወደ ጎን ይዘረጋሉ፤ ትንንሽ አበባዎቻቸውንም በዘለላ ይይዛሉ። እናቴ የተከለቻቸው ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን እንዳይጠርገው ብላ ነው። ልጆቼ «የእማማ ምንጣፍ» ይሏቸዋል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የመጀመሪያዋን የገደልኳት እኔው ነኝ። ጥር ላይ፣ በአንድ እሁድ እኩለ ቀን፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ በዶማ ነቀልኳት። አፈሩ ከሥሯ ረግፎ ቀረ። እንዲያው እንዳለች መኪና ላይ ጭኜ ሰሚት ወደሚገኘው ቤቴ ወሰድኳት። ያበረታታታል ብዬ ከበረት የመጣ ትኩስ ፍግ ጉድጓዱ ውስጥ ሞላሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እስከ ግንዷ ደረቀች። የዚያን ቀን እናቴን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኳት ያህል ተሰማኝ።

በሰፈራችን መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አንድ አዛውንት አሉ። «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ያላጠፋሽውን ብትጠይቂኝ ይቀላል» አሉና ሳቁ። ከዚያ አንድ በአንድ አስረዱኝ።

የመጀመሪያው ምክራቸው ሁለተኛዋን ከመንካቴ በፊት ምትክ እንዳዘጋጅ ነበር። መሬት ላይ የምትተኛ ጽጌረዳ ለዚህ ትመቻለች። ሚያዝያ ላይ አንድ ለጋ ረጅም ቅርንጫፍ መረጥኩ። መሬት የሚነካውን ጎኑን ከቅጠል መውጫው ሥር በቢላ ጫር አድርጌ፣ አንድ ጣት ያህል ጥልቀት አፈር አለበስኩት። ጫፉን ወደ ውጭ ትቼ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። አፈሩ እንዳይደርቅ በየሁለት ቀኑ እየተመላለስኩ አጠጣሁ። ሰኔ ላይ ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርገው አልነቀነቅ አለኝ፤ ሥር ሰዷል ማለት ነው።

እናቲቱን የነቀልናት ዝናቡ መጣል እንደጀመረ፣ ደመናማ በሆነ ቀን ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። በዋዜማው መሬቱን በደንብ አጠጣሁት። ቅርንጫፎቿን በግማሽ ያህል ቆረጥኩ፤ የተጎዳ ሥር ያን ሁሉ ቅጠል ሊያጠጣ አይችልምና። ከግንዷ ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀን፣ በዚያው ልክ ወደ ታች ቆፍረን ከነአፈሯ አነሳናት፤ ወዲያው በረጠበ ጆንያ ጠቀለልናት። ልጄ በወፍራም ጓንት ጆንያውን ትይዝልኝ ነበር። እሾሁ አይምሬ ስለሆነ ልጆች ያለ ጓንት ባይነኩት ይሻላል።

ሰሚት ላይ ሌላ ፈተና ነበር። የጉለሌው አፈር ቀይ፣ ውኃ የሚያሳልፍ ነው። የእኛ መረሬ ግን ክረምት ውኃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጽጌረዳ ደግሞ እግሯ ውኃ ውስጥ ሲቆም ሥሯ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ መርጠን፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ከአፈሩ ጋር ቀላቅለን መደቡን ከፍ አደረግነው። ጉድጓዱ የሥሯን ስፋት እጥፍ ነበር። በፊት በነበረችበት ጥልቀት ተከልናት፤ አፈሩን በእጅ ጫን ጫን አድርገን አንድ ባልዲ ውኃ ቀስ እያልን አፈሰስንባት። ላዩን በደረቅ ሣር ጎዘጎዝነው፤ ግንዷን ግን እንዳይነካ። ብዙ የምትተክሉ ከሆነ በመካከላቸው ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ተዉ፤ ክፍተቱን ራሳቸው ይሞሉታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። አዲስ ቅጠል ሳታወጣ ማዳበሪያ አልሰጠኋትም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያወጣችውን እንቡጥ፣ ልጄ እየከፋት፣ ቀጠፍነው፤ ኃይሏ ወደ ሥሯ እንዲሄድ። ውኃ የማጠጣት ጠዋት፣ ከሥሯ ላይ ነው፤ ቅጠሏ እርጥብ ሆኖ ሲያድር በክረምት ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣባታል። እንዲህ ያለውን ቅጠል ለቅሜ ከግቢ አወጣዋለሁ። ክሽክሽ ሲሰፍርባት በውኃ አጥቤ አረግፈዋለሁ፤ እምቢ ሲል ሳሙና በጥቂቱ የተቀላቀለበት ውኃ እረጫለሁ።

ሥር የሰደደውን ቅርንጫፍ ከእናቱ ቆርጬ ሰፊ ገንቦ ውስጥ ተክዬው ነበር፤ ከታች ውኃ ማውጫ ቀዳዳ አብጅቼለት። የመስቀል ዕለት ልጄን አስከትዬ ወንድሜ ቤት ወሰድኩት። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገንቦውን ተቀብሎ ፀሐይ የሚያገኘው በረንዳው ላይ አስቀመጠው። ስለ ቤቱ ጉዳይ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

ኅዳር ላይ ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነው። «የእማዬ አበባ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው፤ ውኃ በስንት ቀን ነው የማጠጣው?» አለኝ። «ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተተው፤ ደረቅ ከሆነ አጠጣ፣ ከረጠበ ተወው» አልኩት። ስልኩን ግን አልዘጋም። ብዙ አወራን።