ሰባት ቤት በፓይተን

አባቴ አንኮበር ምድጃ ዳር አስቀምጦ ትውልድ ያስቆጥረኝ ነበር። ቆጠራው ከራስ ይነሳል፤ እኔ፣ አባቴ፣ አያቴ እያለ እስከ ሰባት ቤት ይወጣል። አንድ ስም የዘለለ እንደገና ከራሱ ይጀምራል። ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ሳስተምር፣ ሊስትን የማስረዳው በዚያው ቆጠራ ነው።

ሊስት ብዙ ነገሮችን በተርታ አሰልፎ በአንድ ስም የሚይዝ ዝርዝር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ፓይተን 3 ለስያሜ የግዕዝ ፊደልን ስለሚቀበል፣ የሸዋን ገዢዎች ሐረግ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

ሸዋ = ["ነጋሲ", "ስብስቴ", "አብዬ", "አምኃ ኢየሱስ", "አስፋ ወሰን", "ወሰን ሰገድ", "ሣህለ ሥላሴ", "ኃይለ መለኮት", "ምኒልክ"]

ዘጠኝ ስም፣ ሁሉም ከአባት ወደ ልጅ። የነጋሲ ቁጥር ግን 1 ሳይሆን 0 ነው፤ ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይደናገራል። ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ገና ያልተነሳ የአንኮበር መኪና ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ዜሮ። የሊስት ቁጥርም ከመነሻው ምን ያህል እንደራቅን ነው የሚናገረው። ሸዋ[6] ሣህለ ሥላሴ ናቸው፤ ከነጋሲ ስድስት ትውልድ ወርደን የምናገኛቸው።

ከኋላ መቁጠርም ይቻላል። ሸዋ[-1] ምኒልክ፣ ሸዋ[-2] አባታቸው፣ ሸዋ[-3] አያታቸው። ይህ የአባቴ አቆጣጠር ነው፤ ሳስተምረው ደስ ይለኛል። ሸዋ[-7:] ካልን ከአብዬ እስከ ምኒልክ ሰባቱን ቤት ቆርጦ ይሰጠናል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ በዛብህስ የት ገባ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የተገባ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ ልጁን ምኒልክን ወደ መቅደላ ወሰዷቸው፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሲመለሱ ሸዋን ይዞ የጠበቃቸው በዛብህ ነው። የገዢዎቹን ተርታ ከዘር ሐረጉ ለመለየት ግዛት = ሸዋ ብዬ ጻፍኩና፣ ኢንሰርት በተባለው ትእዛዝ በዛብህን 8 ላይ አስገባሁ። ምኒልክ ወደ 9 ተገፉ። እስከዚህ መልካም ነበር። ወደ ሐረጉ ተመልሼ ሸዋ[-2]ን ስጠይቅ ግን «በዛብህ» የሚል መልስ መጣ። የምኒልክን አባት ለውጬ ኖሯል!

ለካ የእኩል ምልክቱ ዝርዝሩን አይቀዳም፤ በዚያው ዝርዝር ላይ ሁለተኛ ስም ያወጣለታል። ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው፤ በየትኛውም ቢጠሩ ሰውዬው አንድ ናቸው። ሌላ ዝርዝር የሚፈልግ ግዛት = ሸዋ[:] ብሎ መቅዳት አለበት። ሁለት ነጥቧ ሙሉውን ተርታ ገልብጣ ታመጣለች። ይህን ስህተት ሆን ብዬ በየክፍሉ እደግመዋለሁ፤ ዓይኑ እያየ ሐረግ ሲበላሽ የተመለከተ ተማሪ አይረሳውም።

ሶርት የተባለው ትእዛዝም ጥንቃቄ ይሻል። ስሞቹን በፊደል ተራ ሲያሰልፍ የመጨረሻው ምኒልክ ፊት ይወጣሉ፣ ነጋሲ ወደ መሃል ይወርዳሉ፤ የትውልዱ ቅደም ተከተል ከዝርዝሩ ይጠፋል። ሶርትድ ግን የተደረደረውን በአዲስ ዝርዝር ሰጥቶ ዋናውን እንደነበረ ይተወዋል።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «ሳህለ ስላሴ» ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ ብትሉት፣ ፓይተን የለም ይላችኋል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሣ እና ሳ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ዝርዝር ከመሙላታችን በፊት በየስሙ አጻጻፍ ላይ እንስማማለን፦ ሣህለ ሥላሴ በንጉሡ ሠ፣ ኃይለ መለኮት በብዙኃኑ ኀ።