ስማችን ከዝርዝሩ ቢቀር ወደ የትኛው ኮሚቴ እንሂድ?

ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚሠራ በመርሳም ሆነ በወልድያ ማንም ቆሞ አይጠይቅም። ቅሬ አለ። ጠሪው ይጠራል። ጎልማሶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ይወጣሉ። ሴቶቹ ለለቅሶው ቤት ምግብ ያዘጋጃሉ። ጸሐፊው የመጣውንና የቀረውን ይመዘግባል። ዳኛው የቀረውን ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ ሂሳቡን በአባላቱ ፊት ያስረዳል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚተዛዘኑበት መንደር በወሎ ብዙ ነው።

እንግዲህ ቅሬን የሚያውቅ ሰው ኮሚቴን ያውቃል ማለት ነው። ኮሚቴ ሌላ ነገር አይደለም። ሁላችን ሁሉንም ሥራ መሥራት አንችልም። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች መርጠን አንድ ሥራ እንሰጣቸዋለን። እነሱም ሠርተው፣ ተመልሰው ይነግሩናል። በቃ፣ ኮሚቴ ይህ ነው።

ቀበሌና ወረዳም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ከቅሬው ጋር ካልተስማማን ወጥተን ሌላ ቅሬ እንገባለን። ከቀበሌ እንዴት ይወጣል? መሬታችን የተመዘገበው እዚያ ነው። መታወቂያ የምናወጣው ከዚያ ነው። እርዳታ ሲመጣ ስማችን የሚጠራው እዚያ ነው። ታዲያ በቀበሌ ውስጥ የቱ ክፍል ምን እንደሚሠራ ባናውቅ የምንጎዳው እኛው ነን።

ቀበሌ ከየት መጣ?

ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። ወልድያ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት በድሮው ጊዜ የገጠሩ ሰው በቅርብ የሚያውቀው ጭቃ ሹሙንና ባላባቱን ነበር። ኮሚቴ የሚባል ነገር አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ገበሬዎች ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት ላይ፣ ማለት በ800 ሄክታር ላይ፣ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ተደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ከተሞችም በቀበሌ ተደራጁ። ሊቀ መንበር፣ ሥራ አስፈጻሚ፣ ፍርድ ሸንጎ የሚሉት ቃሎች ወደየመንደሩ የገቡት ያን ጊዜ ነው።

ማኅበሩ መሬት አከፋፈለ። ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። እያደር ግን ብዙ ነገር ተጫነበት። ግብር ሰብሳቢው እሱ ሆነ። የእህል ኮታ አስረካቢው እሱ ሆነ። ወጣቱን ለጦር ሜዳ የሚመለምለውም እሱ ሆነ። ሰው ተበደልሁ ሲል የሚከሰው ደግሞ እዚያው በማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ነው። ከሳሽና ዳኛ በአንድ ቤት ሲያድሩ ድሃው ወዴት ይሂድ? የሚሠራውና አቤቱታ የሚሰማው ለየብቻ መሆን እንዳለበት የምንረዳው ከዚህ ነው።

ምክር ቤትና አስተዳደር አንድ አይደሉም

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለታችኛው የመንግሥት እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ሕዝቡ በቅርቡ ሆኖ ራሱን በቀጥታ እንዲያስተዳድር ነው። የአማራ ክልልም በ1994 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። በዚያ ሕግ ቀበሌ ሦስት ክፍል አለው። ምክር ቤት አለው። አስተዳደር አለው። ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አለው።

ምክር ቤት የሚባሉት እኛ የምንመርጣቸው ሰዎች ናቸው። ይመክራሉ፣ ይወስናሉ፣ ይቆጣጠራሉ። አስተዳደሩ የተወሰነውን ይፈጽማል። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ከአስተዳደሩ ጋር ይሠራሉ። ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ትንንሽ ክርክሮችን ያያል።

ብዙዎቻችን ሦስቱን እንደባልቃለን። «ቀበሌ ሄጄ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ የለም አሉኝ» ብለን እንመለሳለን። ኧረ ቀበሌ ማለት ሊቀ መንበሩ ብቻ አይደለም! የጎጣችን የምክር ቤት አባል ማን ነው? ብዙ ጊዜ ጎረቤታችን ነው። ውኃ ስንቀዳ፣ ገበያ ስንሄድ የምናገኘው ሰው ነው። እሱን መጠየቅ እንችላለን። መጠየቅም አለብን።

ከቀበሌ በላይ ወረዳ አለ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ውጫሌንና ውርጌሳን ስናልፍ መርሳን እናገኛለን። መርሳ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት። የወረዳው ምክር ቤት አባላት ከየቀበሌው ይመረጣሉ። ስብሰባቸውን የሚመራው አፈ ጉባኤ ነው። የወረዳውን ዋና አስተዳዳሪ የሚሾመው ይኸው ምክር ቤት ነው። አስተዳዳሪው ትልቅ ሰው ቢሆንም ለምክር ቤቱ መልስ ይሰጣል።

አንድ ምክር ቤት ሁሉንም ነገር ሙሉ ሆኖ ማየት አይችልም። ስለዚህ ቋሚ ኮሚቴዎችን ያቋቁማል። አንዱ በጀትን ያያል። ሌላው ሕግና ፍትሕን ይከታተላል። ጤናና ትምህርትን የመሰለውን ማኅበራዊ ጉዳይ የሚያይም አለ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ክልሉ ለየወረዳው ገንዘብ በጥቅል ይሰጣል። ለመንገዱ ስንት፣ ለትምህርቱ ስንት የሚለውን ወረዳው ይደለድላል። እውነቱን ለመናገር የሚበዛው ለደመወዝ ይሄዳል። ለአዲስ ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጥቂት ስለሆነ ነው የበጀት ኮሚቴው ዓይኑን ገልጦ ማየት ያለበት።

ወልድያ ከተማ ስለሆነች የራሷ ምክር ቤትና ከንቲባ አላት። የሰሜን ወሎ ዞን ጽሕፈት ቤቶችም ወልድያ ይገኛሉ። ዞኑ ግን እኛ የመረጥነው ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ ክንድ ነው። እንግዲህ የውርጌሳ ገበሬ የቀበሌውን ጉዳይ ይዞ ወልድያ ከንቲባው ዘንድ ቢሄድ ጫማ መጨረስ ብቻ ነው የሚተርፈው። የእሱ መንገድ ወደ መርሳ ነው።

የየቀበሌው ኮሚቴዎች

በቀበሌ ውስጥ ደግሞ ለየሥራው ኮሚቴ አለ። የውኃ ኮሚቴ ከቧንቧው ወይም ከጉድጓዱ ተጠቃሚ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ሲበላሽ ያስጠግናል። በመስኖ በሚለማው ማሳ ላይ ደግሞ የውኃ አባት አለ። ተራ ያወጣል። ዛሬ የማን ቀን፣ ነገ የማን ሌሊት እንደሆነ እሱን መጠየቅ ነው። መስኖ ባለበት አገር ውኃ ያጣላል። ተራው ከታወቀ ግን ጠቡ ይቀንሳል።

የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴም አለ። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር መሰጠት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ማሳ ለማሳ ዞሮ «ይህ የማን ነው? አዋሳኙ ማን ነው?» እያለ ድንበሩን ያስመዘገበው ይህ ኮሚቴ ነው። በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አለ። እናቶች ሆይ፣ ደብተሩን አውጡና እዩት። ስማችሁ በትክክል ተጽፏል? አሁን ማንበብ ችላችኋል። ባል ያንብብልኝ ማለት ቀርቷል።

ከዝርዝሩ የቀረችው እናት

ብዙ የምናወራው ግን ስለ ዝርዝር ነው። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም ተጀመረ። ሀብሩ ከተጠቃሚዎቹ ወረዳዎች አንዱ ሆነ። መሥራት የሚችል ቤተሰብ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር የ5 ቀን ሥራ ይታሰባል፤ ይህም በዓመት ለ6 ወር ነው። መሥራት የማይችሉ አዛውንትና ሕመምተኞች ሳይሠሩ ያገኛሉ። ክፍያው በእህል ወይም በገንዘብ ነበር።

ማን ይግባ? ማን ይቅር? ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ሁሉም ድሃ በሆነበት መንደር ከድሃ ድሃ መምረጥ ቀላል አይደለም። ደንቡ ይህን ሥራ ለመንደሩ ሰዎች ሰጠው። ሴቶች፣ ወጣቶችና ሽማግሌዎች ያሉበት ግብረ ኃይል ይመረጣል። እሱም የቤተሰቡን ኑሮ አይቶ ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ከዚያ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ይነበባል።

እንበል፣ አንዲት እናት አለች። ባሏ ሞቷል። ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። መሬቷን ለእኩል ሰጥታለች። አምና በዝርዝሩ ነበረች። ዘንድሮ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ማንበብ ስለማትችል አንዱን ጎረምሳ «ልጄ፣ እስቲ እየኝ፤ አለሁ?» ትለዋለች። እሱም በችኮላ አይቶ «አለሽ፣ እናቴ፤ አትስጊ» ይላታል። አመስግና ትሄዳለች። ሳምንቱ ያልፋል። ስብሰባውም ያልፋል። ክፍያ ሲመጣ ስሟ አይጠራም። ከእሷ ጋር ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ሰው ነበር የተጻፈው!

ጎረምሳው ክፉ ሰው አይደለም። ግብረ ኃይሉም ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል። ልጆቿ ግን ያን ክረምት ምን ይበላሉ?

እናትየዋ ወደ ግብረ ኃይሉ ሄዳ ብትለምን «ዝርዝሩ አልቋል» ሊሏት ይችላሉ። የራሱን ውሳኔ ራሱ እንዲሽር መጠየቅ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ደንቡ ሌላ ኮሚቴ ያስቀመጠው። አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ይባላል። የሚያቋቁመው የቀበሌው ምክር ቤት ነው። ዝርዝሩን ያወጣ ሰው በዚህ ኮሚቴ ውስጥ መግባት አይችልም። ሥራው አቤቱታውን መዝግቦ፣ መርምሮ፣ መልስ መስጠት ነው። ያልተፈታው ጉዳይ ወደ ወረዳው ምክር ቤት ይተላለፋል።

በወረቀት ላይ ነገሩ ያምራል። በሥራ ላይ ግን ስንቱ ሰው ይህ ኮሚቴ መኖሩን ያውቃል? የሚያውቀውም አንዳንዴ ይፈራል። «ዛሬ ብናገር ነገ ማዳበሪያ ሲመጣ ይረሱኛል» ይላል። ፍርሃቱን አንንቅም፤ የኖርንበት ነው። ብቻችንን ስንሄድ እንፈራለን። የተጻፈ ወረቀት ይዘን፣ ሁለት ጎረቤት አስከትለን ስንሄድ ግን ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ቃለ ጉባኤው ይነበብልን!

ስብሰባ ላይ የተባለው የሚጻፍበት ወረቀት ቃለ ጉባኤ ይባላል። ቀኑ፣ የተገኙ ሰዎች፣ አጀንዳውና ውሳኔው ይጻፍበታል። መጨረሻ ላይ ሰው ይፈርማል። ፊደል ያልቆጠረው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይጫናል። ድሮ ስንቶቻችን ምን እንደተጻፈ ሳናውቅ ጣታችንን ሰጥተናል! ተቃውመን ወጥተን «በሙሉ ድምፅ ተስማሙ» ተብሎ ተጽፎ የተገኘበት ጊዜም አለ።

ዛሬ እጅ አውጥተን «ቃለ ጉባኤው ይነበብልን፤ ከዚያ እንፈርማለን» ማለት እንችላለን። ይህ ድፍረት አይደለም። የስብሰባ ደንብ ነው። ስንፈርምም ቀኑን እንይ። ከፊርማው በላይ ባዶ መስመር ካለ ይሰረዝ። ባዶ ቦታ በኋላ ይሞላል።

የአካባቢ ምርጫ በ2000 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. ተደርጎ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ግን ተላለፈ። ምርጫ ሲዘገይ ተመራጩን መጠየቂያ የሚሆነን ስብሰባውና ቃለ ጉባኤው ነው። ደግሞ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት ይችላል።

ወረቀቱን በቤታችንም እንያዝ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ሲያጠቃልል የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ተዘረፉ። ሰነድም ጠፋ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። መዝገብ ቤቱ ሲዘረፍ ግን ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ያን ጊዜ የሚያድነን በሳጥናችን ያለው ቅጂ ነው።

አቤቱታ እንዴት ይጻፋል? እንዲህ ነው። አጭር ይሁን።

«ለ……… ቀበሌ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ
ጉዳዩ፦ ስሜ ከዝርዝር ስለ መቅረቱ
እኔ ……… በ……… ጎጥ ነዋሪ ነኝ። በቤቴ 4 ሰው አለን። አምና ተጠቃሚ ነበርሁ። በ……… ቀን በተለጠፈው ዝርዝር ስሜ የለም። ምክንያቱም አልተነገረኝም። ኮሚቴው ኑሮዬን አይቶ ውሳኔውን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።
ስም ……… ፊርማ ……… ቀን ………»

ሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱን ለኮሚቴው ጸሐፊ ስጡ። በሁለተኛው ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ቀን ጽፎ እንዲፈርምላችሁ ጠይቁት። ማኅተም ካለ ይምታበት። መልስ ካጣችሁ ወደ መርሳ፣ ወደ ወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ የምትይዙት ይህንኑ ሁለተኛውን ቅጂ ነው። እዚያም አትስጡት፤ አሳዩና ይዛችሁት ተመለሱ።