ዋግሹም ጎበዜ መቅደላን ለምን አልወሰዱም?

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም፣ አፄ ቴዎድሮስ በሞቱ በቀናት ውስጥ ምሽጋቸውን የያዘው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር መቅደላን ለዋግሹም ጎበዜ ላስረክብ አለ። ጎበዜ አልፈለጉትም። ይህ እንቢታ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም። የሰቆጣው ጌታ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ያስገደሉባቸው ቴዎድሮስ ናቸው፤ የሸፈቱትም በእሳቸው ላይ ነው። የጠላታቸው የመጨረሻ ምሽግ እጃቸው ላይ ሲመጣ እንዴት ይመልሱታል?

መጀመሪያ የጠረጠርሁት የወሎን ሽኩቻ ነው። ተቀናቃኞቹ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት ሁለቱም አምባውን የእኔ ነው ባዮች ነበሩ፤ መቅደላን የያዘ ከእነሱ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ነገር ግን ጎበዜ ከአምባው አብልጠው የፈለጉት ነበራቸው፤ የቴዎድሮስን መድፎች።

ስለዚህ ምሽጉን እንደገና መረመርሁት። ዙሪያው ገደል ነው፤ የሰው እጅ ያረፈበት ጥቂቱ ነው፤ በር፣ ካብ፣ የእሾህ አጥር። የቴዎድሮስ ድካም የፈሰሰው በመድፉ ላይ ነበር። ጋፋት የተሠራውን፣ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ መንገድ እየጠረጉ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀባቸው። ሚያዝያ 3 ቀን ግን ሠራዊታቸው ከፍታውን ትቶ ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደና በእንግሊዝ ጠመንጃ ረገፈ። በሦስተኛው ቀን በሩ ከውስጥ በድንጋይ ቢደፈንም የእንግሊዝ ወታደሮች በአጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ገቡ።

ምሽግን የሚያጸናው ከጀርባው ያለው ጦር ነው። ለምሳሌ የእንግሊዟ ኒውአርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ በአገሯ የእርስ በርስ ጦርነት የአፈር ምሽግ ሠርታ ሦስት ጊዜ ተከብባለች፤ በ1646 እጇን የሰጠችው ንጉሡ ስላዘዘ ነው። እዚያ ከምሽጉ ጀርባ የጸና ጦር ነበር። ከቴዎድሮስ ጦር ግን አብዛኛው አስቀድሞ ከድቷል።

ጎበዜ ሰው ሞልቷቸዋል፤ የጎደላቸው መሣሪያ ነው። መድፎቹን ግን እንግሊዞች ሰባበሯቸው፤ አምባውንም አቃጠሉት። ናፒየር ወደ ባሕር ሲመለስ ከራሱ ጦር መድፎችንና ከ800 በላይ ጠመንጃዎችን ለትግራዩ ካሣ ምርጫ ሰጣቸው። ይህን ሳነብ እንቢታው ተፈታልኝ፤ ዋግሹሙ ለዘውዱ የሚደረገውን ጦርነት ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ገደል ሳይሆን መድፍ መሆኑን ቀድመው አይተው ኖሯል።

ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም አድዋ አጠገብ፣ አሳም ወንዝ ላይ፣ በቁጥር እጅግ የሚበልጥ ሠራዊት ይዘው ከካሣ ገጠሙ። ቆሰሉ፤ ተማረኩም። ጥር 1864 ዓ.ም ካሣ አክሱም ላይ ዘውድ ጭነው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ተባሉ።