ባለሦስት እግሩ ለምን ይነዝራል?

በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ላይ ምንም አይሰማም። 80 ሲደርስ ከጫማው ሶል ስር አንድ ነገር መነዘር ይጀምራል። 95 ላይ ከኋላ የሚመጣው መኪና በመስታወቱ ውስጥ ይደበዝዝና ታርጋው አይነበብም። ነዳጅ ሲቀነስ ይረግባል፣ ሲጨመር ይመለሳል። ሞተር ብስክሌቱን ባለሦስት እግር ያስደረገ ሰው ወደ መካኒክ ይዞት የሚመጣው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውም የታወቀ ነው። “ጎማ ይሆናል” ይባልና ጎማ ይቀየራል። ቀጥሎ ቸርኬ፣ ቀጥሎ ኩሽኔታ። ገንዘቡ ያልቃል፣ ንዝረቱ ግን እዚያው ነው። ስህተቱ መፍታቱ ከመቁጠሩ መቅደሙ ነው። ንዝረት እንዲሁ አይመጣም፤ አንድ የሚዞር ዕቃ በዞረ ቁጥር አንዴ ወይም ሁለቴ ይመታል፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የለየ ሰው ዕቃው የትኛው እንደሆነ ሳይፈታ ደርሶበታል ማለት ይቻላል።

ለዚህ ጉዳይ ጎልድ ዊንግ የተባለው የሆንዳ ሞተር ብስክሌት ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በጀርመን ኮሎኝ ለሕዝብ ሲታይ ባለአራት ሲሊንደርና 999 ሲሲ ነበር። በ1988 ስድስት ሲሊንደር ሆነ፤ በ2001 ወደ 1832 ሲሲ አደገ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ነገር አልተለወጠም፦ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በካቴና ሳይሆን በሚሽከረከር ዘንግ ነው። የእኛ መካኒኮች ትራስሚሲዮን የሚሉት መሆኑ ነው። በሞተር ብስክሌት ላይ ዘንግ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጣው አር 32 ላይ ተጠቅሞበታል።

ጎልድ ዊንግ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ጉልበትና ዳሌ ሲደክም፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ያን ሁሉ ክብደት በሁለት እግር ደግፎ መያዝ ከባድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለሁለት እግሩን ወደ ባለሦስት የሚቀይር ሙሉ ኪት የሚሸጡ ድርጅቶች የበዙት በዚህ ምክንያት ነው። ባለሦስት እግር ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረበትም ጊዜ አለ፤ ሃርሊ ዴቪድሰን ሰርቪ-ካር የተባለውን እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1973 ሠርቷል፣ የከተማ ፖሊሶችም ነድተውታል። እሱ ግን በካቴና የሚሄድ ነበር። በዘንግ የሚሄደውን መቀየር ሌላ ጣጣ አለው።

ሲቀየር የኋላው ጎማ ይወጣል፣ ጎማውን የያዘው ክንድም ይወጣል። በቦታው ዲፈረንሻል፣ ሁለት ሴሚያሴና ሁለት የመኪና ጎማ ይገባሉ። ከወጣው ጎማ ጋር ብዙ ሰው የማያስተውለው ዕቃ አብሮ ይሄዳል፤ በጎማው እምብርት ውስጥ የነበሩት ላስቲኮች። የሞተሩን ምት እየዋጡ ዘንጉን ከድንገተኛ ጉተታ ይጠብቁ የነበሩት እነሱ ናቸው። ዘንጉ ራሱም ተቆርጦ ይበየዳል ወይም በሌላ ይተካል። ከዚህ በኋላ ዘንጉ በምን ያህል ማዕዘን እንደሚተኛ የሚወስነው የሆንዳ መሐንዲስ መሆኑ ይቀርና ኪቱን የሚያስረው መካኒክ ይሆናል። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቢተኛ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። መንገዱ ግን ጎድጓዳ ነው፣ የኋላው አክሰል ይወጣል ይወርዳል፤ ስለዚህ ዘንጉ እየዞረ መታጠፍ አለበት። ይህን የሚያስችለው ክሮቼራ ነው። የመስቀል ቅርጽ ያለው ትንሽ ብረት ሲሆን አራት ጫፎቹ በአራት ቆብ ውስጥ ይገባሉ፤ በእያንዳንዱ ቆብ ውስጥ ዙሪያውን መርፌ የሚያካክሉ ሮለሮች ተደርድረዋል። ሁለቱን ጫፎች አንዱ ሹካ ይይዛቸዋል፣ ሁለቱን ሌላው ሹካ። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ በመጡበት መንገድ ወደ ጋራዦቻችን የገባ ነው፣ ትርጉሙም ከመስቀል ጋር የተያያዘ ነው። አውሮፓውያን ዕቃውን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሊቅ በጄሮላሞ ካርዳኖ ስም ይጠሩታል፤ እንግሊዞች ደግሞ በሮበርት ሁክ።

ሁክ ይህን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1676 ባሳተመው ጽሑፍ ሲገልጸው ጠባዩን አስተውሏል። ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር አንደኛው ወገን በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ሌላኛው እኩል አይዞርም። በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይቀድማል፣ ሁለቴ ይዘገያል። የፀሐይ ሰዓት ላይ የጥላው መስመሮች እኩል ሳይራራቁ የሚሰመሩበት ስሌት ከዚሁ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሁክም ዕቃውን ለዚያ ሥራ እንደሚጠቅም አይቶታል። ለፀሐይ ሰዓት በረከት የሆነው ጠባይ ለሚሽከረከር ዘንግ መከራ ነው።

መከራው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ይታያል። ክሮቼራው 3 ዲግሪ ቢታጠፍ የፍጥነቱ መዋዠቅ 0.14 በመቶ ነው፤ ማንም አይሰማውም። በ10 ዲግሪ 1.5 በመቶ ይሆናል። በ20 ዲግሪ ግን ወደ 6 በመቶ ይደርሳል። ማዕዘኑ እጥፍ ሲሆን መዋዠቁ አራት እጥፍ ያህል እንደሚያድግ ልብ ማለት ያሻል። ሁለትና ሦስት ዲግሪ ለመቀነስ ግማሽ ቀን መልፋት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ሁለተኛ ክሮቼራ ነው። የፊተኛው ያዋዠቀውን የኋለኛው መልሶ ያስተካክለዋል። ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1987 አር 100 ጂኤስ ላይ ባለሁለት ክሮቼራ ዘንግ ሲያስገባ ጎልድ ዊንግ ግን በአንድ ክሮቼራ፣ በጠባብ ማዕዘን መሥራቱን ቀጥሏል። ባለሦስት እግር ሲሆን ብዙ ጊዜ ዲፈረንሻሉ ጋ ሁለተኛ ክሮቼራ ይጨመራል። ማስተካከሉ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የሁለቱ ክሮቼራዎች ማዕዘን እኩል መሆን አለበት፣ በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት ሹካዎችም በአንድ መስመር መቆም አለባቸው። ዘንጉ ጥርሳም ሆኖ የሚገጣጠም ከሆነና ሲገባ አንዲት ጥርስ ከተዛነፈ ሹካዎቹ ይሳሳታሉ። 16 ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ አንዷ ጥርስ 22.5 ዲግሪ ናት። ያኔ ሁለተኛው ክሮቼራ ማስተካከሉን ትቶ ያባብሳል።

ምርመራው የሚጀምረው መንገድ ላይ ነው። ንዝረቱ በጎላበት ፍጥነት፣ ለምሳሌ በ90 ላይ፣ ማርሽ ይቀየራል። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ሲወርድ የሞተሩ ዙር ይጨምራል። ንዝረቱ ተከትሎ ከተለወጠ ነገሩ ከሞተሩ ወገን ነው፤ ካልተለወጠ ከካምቢዮ ወዲያ፣ ከዘንግ እስከ ጎማ ባለው ውስጥ ነው። ቀጥሎ ፍሪሲዮን ተይዞ ባዶ ይንከባለላል። ኃይል ሲጎድል የሚጠፋ ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ የማዕዘን ወይም ያለቀ ክሮቼራ ምልክት ነው፤ ሲሸከም ብቻ ይጮኻል። ባዶም ሲንከባለል የሚቀጥል ከሆነ የሚዛን ጉድለት ወይም ጎማ ይጠረጠራል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ባለሦስት እግር በዝግታ፣ በ30 ገደማ ሲሄድ መሪው ግራ ቀኝ ሊወዛወዝ ይችላል። ይህ ከዘንጉ ጋር አይገናኝም፤ የፊት ሹካው ለሁለት እግር የተሠራ ሆኖ ለሦስት ሲያገለግል የሚመጣ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም “መንቀጥቀጥ” ብሎ ለመካኒክ የሚናገር ሰው መካኒኩን ያሳስተዋል።

ከዚያ መቁጠር ይመጣል። የኋላው ጎማ ዙሪያ 2 ሜትር፣ የዲፈረንሻሉ ብዜት ሦስት ነው እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ጎማው በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ዘንጉ 42 ጊዜ። ሚዛን ያጣ ጎማ በሰከንድ 14 ይመታል፣ ሚዛን ያጣ ዘንግ 42፣ ማዕዘኑ የተበላሸ ክሮቼራ ደግሞ በዙር ሁለቴ ስለሚመታ 83 ገደማ። ሦስቱ በእጅም ይለያያሉ። 14ቱ መቀመጫውን ሲያወዛውዝ በዓይን ይታያል፤ 83ቱ ግን አይታይም፣ እግርን ያደነዝዛል፣ በጆሮም እንደ ጉምጉምታ ይሰማል። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያ ይህን ቁጥር በስክሪን ላይ ያወጣል፤ ከመገመት ይህ ይሻላል።

ጋራዥ ውስጥ ሲገባ ትልቁ ስህተት አነሳሱ ላይ ነው። ሻሲው በክሪክ ተነስቶ አክሰሉ ከተንጠለጠለ ዘንጉ መንገድ ላይ ፈጽሞ በማያገኘው ማዕዘን ይታጠፋል፤ ያልነበረ ንዝረት ይመጣል። ድጋፉ ከአክሰሉ ስር መሆን አለበት፣ ሞላው ክብደቱን እንደተሸከመ። ሌላም አደጋ አለ፤ ሁለቱ ጎማዎች በአየር ላይ ሆነው አንዱ ቢያዝ ዲፈረንሻሉ ዙሩን ሁሉ ለሌላው ይሰጠዋል፤ የፍጥነት መለኪያው 50 ሲያሳይ ያ ጎማ በ100 ይዞራል።

ሞተሩ ጠፍቶ ዘንጉ በእጅ ሲያዝ ክሮቼራው ራሱ ይናገራል። ከቆቡ ጠርዝ ቀይ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶ ከታየ ግራሶው አልቋል፣ መርፌዎቹ ብረት ለብረት እየተፋጩ ነው። ዘንጉ ወጥቶ መስቀሉ በጣት ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ለስላሳ ሆኖ መሄድ አለበት። መሃል ላይ ቆም እያለ፣ ጉድጓድ እንዳገኘ ጎማ ገባ ወጣ ካለ፣ መርፌዎቹ በመስቀሉ ጫፍ ላይ መስመር ቆፍረዋል። ቆቡ ሲወልቅ መስመሮቹ በጥፍር ይዳሰሳሉ። ይህ ጉዳት ሳይታጠፍ በሚሠራ ክሮቼራ ላይም ይደርሳል፤ መርፌዎቹ ካልተንከባለሉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚመቱ ነው። ስለዚህ ዘንጉን ፍጹም ቀጥ ማድረግም ጥፋት ነው፤ ግማሽ ወይም አንድ ዲግሪ መተው ይገባል።

ማዕዘኑ የሚለካው ነጂው ተቀምጦ፣ ዕቃ ካለም ተጭኖ ነው። የካምቢዮው መውጫ ስንት ዲግሪ ይተኛል፣ ዘንጉ ስንት፣ የዲፈረንሻሉ መግቢያ ስንት? ሁለቱ ጫፎች ትይዩ ከሆኑ ክሮቼራዎቹ እኩል ታጥፈዋል። ጋራዦች የሚይዙት ልማድ እያንዳንዱ ክሮቼራ ከ3 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከ1 ዲግሪ እንዳይበልጥ ነው። ልዩነቱ ከበዛ ከዲፈረንሻሉ ማሰሪያ ስር ስስ ብረት ይገባል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ቁራጭ የብዙ ወር ንዝረት ታስቀራለች።

ማዕዘኑ ትክክል ሆኖ በሰከንድ 42ቱ ከቀጠለ ወደ ሚዛን ይኬዳል። ተቆርጦ የተበየደ ዘንግ እዚህ ላይ ይጠረጠራል፤ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ቱቦውን ወደ አንድ ወገን ይስባል። ከመሃሉ 5 ሴንቲ ሜትር የራቀ 10 ግራም ብረት በሰከንድ 42 ጊዜ ሲዞር 3.5 ኪሎ በሚያህል ኃይል ይጎትታል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ሩብ ይሆናል። በ70 ያልተሰማው በ95 መስታወቱን ያደበዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ማሽን ከመውሰድ በፊት የቱቦ ማሰሪያ ፋሼታ ይበቃል። በዘንጉ ዙሪያ በአራት ቦታ በጠመኔ ቁጥር ይጻፋል፣ ፋሼታው ቡሎኑ አንደኛው ቁጥር ላይ ሆኖ ይታሰራል፣ ይነዳል። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ንዝረቱ ካነሰበት ቁጥር በተቃራኒው ከባዱ ወገን አለ። ፋሼታው በጥብቅ ታስሮ እዚያው ሊቀር ይችላል።

ይህ ሁሉ ለጎልድ ዊንግ ባለቤቶች ብቻ አይደለም። በባጃጅ ሞተሩ ከኋላ ጎማዎቹ አጠገብ ስለሆነ ረጅም ዘንግ አያስፈልገውም። በከተሞቻችን ሲሚንቶና አትክልት የሚያመላልሱት ባለሦስት እግር የጭነት ሞተሮች ግን ፊታቸው ሞተር ብስክሌት፣ ኋላቸው እንደ ትንሽ መኪና ነው፤ ብዙዎቹ ሞተሩ ከነጂው ስር ሆኖ በዘንግና በክሮቼራ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ይሄዳሉ። የኋላው አክሰል በባሌስትራ ላይ ስለሚቀመጥ ሲጫን ይወርዳል፣ ሲራገፍ ይነሳል፤ የዘንጉ ማዕዘንም አብሮ ይለዋወጣል። ባዶ ሲሆን የሚነዝር፣ ሲጫን ግን ዝም የሚል ባለሦስት እግር የሚለካው በሁለቱም ሁኔታ ነው፤ ማዕዘኑ የሚስተካከለውም ብዙ ኪሎ ሜትር ለሚሄድበት ጭነት ነው።

ዘንጉ ከመፈታቱ በፊት ጠንቃቃ መካኒክ ቀለም ያነሳል። ከሹካው እስከ ዘንጉ፣ ከዘንጉ እስከ ጥርሳሙ ጫፍ፣ ከፍላንጁ እስከ ዲፈረንሻሉ፣ በሁለቱም ዕቃ ላይ የሚያልፍ አንድ ነጭ መስመር ያሰምራል። ሲመለስ መስመሮቹ ካልገጠሙ ቡሎኑ አይጠብቅም። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ባለሦስት እግሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ቡሎኖቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ፣ የቆቦቹ ጠርዝ በጨርቅ ይጠረግና ቀይ ዱቄት መኖሩ ይታያል፣ ነጩ መስመርም ካለበት አለመነቃነቁ ይረጋገጣል።