መሬቱ የኔ፣ አጋዘኑ የማን?

ባለፈው ኅዳር የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ በቴሌግራም ቪዲዮ ደወለልኝ። ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ጫካ መሃል ቆሟል። የመንገድ ሥራ የጀመረ መስሎኝ ነበር፣ ለካ አደን ላይ ነው! እዚያ በጠመንጃ አደን ወቅት አዳኝ አዳኝን በስህተት እንዳይመታ እንዲህ ዓይነት ደማቅ ቀለም መልበስ ግዴታ ነው አለኝ።

ጋሼ (እንደዚያ ነው የምጠራው፣ በ14 ዓመት ይበልጠኛል) የሚኖረው ሚኒሶታ ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎረቤት ግዛት ዊስኮንሲን ውስጥ 40 ኤከር ደን ገዛ። ወደ 16 ሄክታር መሆኑ ነው። አምበር ላለው አባቴ ስነግረው በጥማድ አሰላና ከ60 ሲያልፍበት "ታዲያ ምን ሊዘራበት ነው?" አለ። ምንም። አጋዘን ሊያድንበት ነው።

የደወለው ግን ጫካውን ሊያሳየኝ ብቻ አልነበረም፤ ተናዶ ነው። "አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል፣ እስቲ ይሄን አስረዳኝ። መሬቱ የኔ ነው። ግብሩን በየዓመቱ የምከፍለው እኔ ነኝ። የዊስኮንሲን ነዋሪ ለአጋዘን ፈቃድ 24 ዶላር ይከፍላል። እኔ 200! በገዛ መሬቴ!"

ከስምንት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ሕጉን ፈልጌ አነበብኩት። ዊስኮንሲን የምታየው የመሬት ካርታህን ሳይሆን የት እንደምታድር ነው። ቋሚ መኖሪያህ ቢያንስ ለ30 ቀን እዚያው ግዛት ካልሆነ ሺህ ኤከር ቢኖርህም እንግዳ ነህ።

መጀመሪያ ላይ ከጋሼ ጋር ተስማምቼ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ አንድን ዕቃ ለተለያየ ሰው በተለያየ ዋጋ መሸጥ ነው። ሻጩ የሚመርጠው መሄጃ የሌለውን ገዢ ነው፤ ጋሼ ደግሞ ጫካውን ጠቅልሎ ሚኒሶታ ሊወስደው አይችልም። በዚያ ላይ ዊስኮንሲን ውስጥ ድምፅ አይሰጥም። መምረጥ በማይችል ሰው ላይ ዋጋ መጨመር ለፖለቲከኛ ከሁሉም የቀለለ ሥራ ነው። ማን ይቆጣዋል?

ግን ይሄ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል፤ የተሸነፉትም የጋሼ ወገን ናቸው። በ1976 እ.ኤ.አ. ሞንታና ግዛት ውስጥ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ እንስሳ ጨምሮ የሚያሳድነውን ጥቅል ፈቃድ ነዋሪው በ30 ዶላር ሲገዛ ከሌላ ግዛት የመጣው 225 ይከፍል ነበር። ኤልክ ብቻ የሚፈልግ ነዋሪ በ9 ዶላር ይገላገላል። ለእንግዳው ነጠላ ፈቃድ ስለሌለ ለዚያችው ኤልክ 25 እጥፍ ያወጣል። አዳኞችን እየመራ የሚተዳደር አንድ የሞንታና ሰው እና አራት የሚኒሶታ ሰዎች (ሚኒሶታዎች እኮ የቆየ ቂም አላቸው) ከሰሱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1978 6 ለ 3 ተረቱ። ፍርድ ቤቱ በአጭሩ ያለው፣ ከሌላ ግዛት መጥቶ ማደን መዝናኛ ነው፣ እንስሶቹ ደግሞ ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው፤ ስለዚህ ግዛቲቱ ለሚጠብቋቸው ነዋሪዎቿ ብታደላ ሕገ መንግሥት አልጣሰችም ነው።

"የሚጠብቋቸው" የምትለው ነገር ላይ ቆምኩ። ምክንያቱም እኔም በትንሹ የጋሼ ዓይነት ሰው ነኝ።

አባቴ አርጅቷል፤ አምበር ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው። መሬቱን ለአንድ ጎረቤታችን በእኩል ሰጥቶታል። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ መንገዱ ሰላም ሲሆን ጤፌን በጆንያ እቀበላለሁ። ሕጉ እንደሚለው መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ "መሬታችን" ስል ደብተሩ ላይ ያለው የአባቴ ይዞታ ማለቴ ነው። በላዩ የሚሄደው አውሬ ደግሞ የማናችንም አይደለም። ያለ ፈቃድ መግደል ክልክል ነው። እስከዚህ ድረስ እኛና ዊስኮንሲን አንድ ነን።

ልዩነቱ የሚመጣው ማታ ላይ ነው። ወደ ገደሉ ያለው ማሳ ላይ በቆሎ አለን፣ ከሱ አጠገብ ድንች። ቀን ዝንጀሮ ይመጣል፤ ሌሊት ከርከሮና ጃርት። አራሻችን በቆሎው እሸት ሲይዝ ማማ ሠርቶ ያድራል። ቀን ቀን ልጁ በወንጭፍ ይጠብቃል። ልጁ በእነዚያ ሳምንታት ትምህርት ቤት አይሄድም። ምርቱ ሲገባ ግን እኩል ነው፦ ግማሹ ለእነሱ፣ ግማሹ ተኝተን ላደርነው። ይሄን ነገር እስከ ዘንድሮ ድረስ አስቤው አላውቅም።

ነገሩ ከእኛ ማሳ ይሰፋል። ኢትዮጵያም ከውጭ ለሚመጣ አዳኝ ፈቃድ ትሸጣለች። አዋጅ ቁጥር 541/1999ን ተከትሎ በወጣው ደንብ አንድ የደጋ አጋዘን ለማደን ክፍያው 15 ሺህ ዶላር ነበር። (ስሙ አያሳስታችሁ፣ የኛ ደጋ አጋዘን የጋሼ አጋዘን ዘመድ አይደለም። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ፣ በዋናነት አርሲና ባሌ ተራሮች ላይ ያለ እንስሳ ነው።) በብር አታባዙት፣ ቀናችሁ ይበላሻል። የ200 ዶላሩን ለቅሶ ይዤ ለጋሼ ይሄን ስነግረው ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ።

እኔ 15 ሺውን ውድ ነው አልልም። እንዲያውም ይጨመር ቢሉኝ አልቃወምም። ባለጠጋ አዳኝ አንድ ትልቅ ወንድ ፍለጋ ከሌላ አህጉር የሚመጣው ዋጋው ረክሶለት አይደለም። የኔ ጥያቄ ብሩ የሚሄድበት መንገድ ነው። ከአደን ገቢው 85 በመቶ ለክልሉ መንግሥት፣ ቀሪው ለፌዴራል ይገባል። ክልል ማለት ግን ማማ ላይ የሚያድረው ሰውዬ አይደለም። ገብሱን ለአጋዘን ያስበላው የባሌ ገበሬ ስሙ ደረሰኙ ላይ የለም። ከክልሉ ካዝና እስከ እሱ ጓሮ ያለው ርቀት ረጅም ነው፤ በጀት እንዴት እንደሚወርድ የሚያውቅ ሁሉ ይሄን ያውቃል። ናሚቢያ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ማኅበረሰቦች ተደራጅተው የራሳቸውን ክልል ከለዩ በአካባቢያቸው ካለው የዱር እንስሳ ቱሪዝምም አደንም የሚገኘውን ገቢ ራሳቸው እንዲቀበሉ ፈቅዳለች። እንከን የለውም አልልም፤ ቢያንስ ግን ሂሳቡ የሚጀምረው ከጠባቂው ነው።

የዊስኮንሲኑ ነዋሪ በ24 ዶላር የሚያድነው ሌላውን ድሮ ስለከፈለ ነው እላለሁ። ታክሱ አለ፣ አጋዘን የሚበላበት በቆሎ አለ፣ ማታ መንገድ ላይ ዘላ የምትገባበትም አለ። ርካሹ ፈቃድ መልስ ነው፣ ስጦታ አይደለም። የጋሼ አጋዘን ጫካው ውስጥ ተኝታ ታድር ይሆናል፤ እራቷን የምትበላው ግን የጎረቤቱ እርሻ ላይ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው፣ እሱ ለዘጠኝ ቀን የጠመንጃ ወቅት ይመጣል። ይሄን ስለው "አንተም ከእነሱ ጋር ሆንክ?" አለኝና ሳቀ። ፈቃዱን ግን ለከርሞም እንደሚገዛ ነግሮኛል።

ሰሞኑን አራሻችን ደወለ። አያ (እንደ ጎጃም ወጉ ነው የምጠራው) ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ባትሪው መሞቱን፣ ጃርቶቹ ድንቹን መጨረሳቸውን ነገረኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ "የገደሉን ማሳ በእኩል መያዝ አላዋጣኝም ወንድሜ፣ ሌሊቱን ማን ያስብልኛል?" አለ። አፌ ላይ የመጣው መልስ የጋሼ ነበር፦ መሬቱ የኛ ነው፣ ግብሩን እኛ እንከፍላለን። ዋጥኩት።

በማግሥቱ ለጥሩ የእጅ ባትሪ የሚሆን ብር በቴሌብር ላክሁ። ለአባቴም ደወልኩና የገደሉ ማሳ ላይ እኛ ሲሶ እንድንወስድ፣ ሁለቱ እጅ ለእነሱ እንዲሆን ጠየቅሁት። ልጁ ቀን ትምህርት ቤት ይሂድ፣ በዚያ ድርሻ ሌላ ጠባቂ ይቅጠሩ አልኩት። አባቴ "አውሬ ድሮም ነበር፣ እኛም ወጣት ሳለን ጠብቀናል" አለ። ጠብቋል፣ እውነቱን ነው። እስካሁን እሺ አላለኝም፤ ለፋሲካ ስሄድ ከአያ ጋር ሦስታችን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።